ያልገፋ አይነዳም

ባለፈው ሳምንት የቴሌግራም ግሩፓችን ታመሰ። ስሙ «በግፊ» ይባላል፤ አባላቱ አምስት ነን። በሌላው ጊዜ ቢበዛ የሚገባበት የልደት ኬክ ሥዕል፣ የሰው ሠርግ ፎቶ፣ የዶላር ምንዛሬና «ሰላም አደራችሁ» ነው። ባለፈው ማክሰኞ ግን ከምሳ እስከ እራት መልእክቱ ሲንጋጋ ዋለ። ሥራ ላይ የነበርነው አለቃ እንዳያየን ስልካችንን ጠረጴዛ ሥር ደብቀን ስንከራከር አመሸን። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ጋሼ ቮልሳቸውን ሊሸጡ ነው።

ጋሼ የአንደኛው ጓደኛችን አባት ናቸው። ገዢው አሮጌ ቮልስ እየሰበሰበ፣ እያሳደሰና ቀለም እየቀባ ለሠርግ የሚያከራይ ወጣት ነው። የጠራውን ዋጋ ስንሰማ አንድ ዜሮ በስህተት የገባ መስሎን ነበር። እኛ እስከምናውቀው ድረስ ያቺን መኪና የሚገዛ ሰው ቢመጣ የሚገዛት በኪሎ ነው። ለነገሩ ሊገርመን አይገባም ነበር። በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የግል መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ ወዲህ፣ አዲስ አበባ ውስጥ አራት ጎማ ያለው ነገር ሁሉ ወርቅ ሆኗል።

«ይሽጧት፣ እድሜያቸው ነው፣ ይጦሩበት» ያልን አለን። «በጭራሽ!» ያልንም አለን። ከመካከላችን አንዱ «ቆይ፣ መኪናዋ የእናንተ ናት እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የእኛ አይደለችም። ሊብሬው ላይ የማናችንም ስም የለም። ታዲያ የሰው መኪና በተሸጠ እኛ እንቅልፍ የምናጣው ለምንድን ነው? ይቺን ጽሑፍ የጀመርነው ይህን ለራሳችን ለማስረዳት ነው። አንባቢ ታዛቢያችን ይሁን።

ክረምት 2004ን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። የቀላል ባቡሩ ሥራ ተጀምሮ ከተማው እዚህም እዚያም ቁፋሮና የቆርቆሮ አጥር ነበር። ነሐሴ ላይ ደግሞ በአንድ ሳምንት ውስጥ አቡነ ጳውሎስና ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ አርፈው ቴሌቪዥኑ ሁሉ ለቅሶ ሆነ። እኛ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትነን ምደባ የምንጠብቅ፣ ሥራ ፈት፣ ኪሳችን ባዶ፣ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላንና ሊሞላን ጥቂት የቀረን የኮተቤ ልጆች ነበርን። አንድ ሰፈር፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ፑል ቤት። የምናወራው ስለ ወደፊቱ ነበር፤ የምናደርገው ግን ምንም አልነበረም።

ጋሼም በዚያው ዓመት ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ሒሳብ ሹምነት ጡረታ ወጥተው ቤት መዋል ጀምረው ነበር። ቤት መዋል ደግሞ አያውቁበትም። ጠዋት ተነስተው፣ ከረባት አስረው፣ ግቢ ውስጥ ቮልሷን ሲወለውሉ ይውላሉ። ልጃቸው አንድ ቀን «አባዬ፣ መንዳት አስተምረኝ» አላቸው። «ብቻህን አይሆንም» አሉት፤ «ይህቺ ልጅ ያለ ሰው አትነሳም። የሚገፋ ይዘህ ና።» እኛ የሚገፋ ሆነን መጣን። የጓደኝነታችንን ታሪክ ከዚያ በፊት መጀመር ይቻል ነበር፤ አብረን እርሳስ ተሰራርቀናል፣ አብረን ከክፍል ተባረናል። ግን በእኛ ቆጠራ አንድ ብሎ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ቮልሷን ላስተዋውቃችሁ። ጋሼ የገዟት በ1967 ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ነው። ቀለሟ ሰማያዊ ነው፤ የትኛው ሰማያዊ እንደሆነ ግን በየበሩ ይለያያል። ሞተሯ ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛዋ ከፊት ነው። ማርሹን ወደ ታች ካልተጫኑት ኋላ ማርሽ አይገባም፤ ይህን ያላወቀ ሰው ወደ ኋላ እሄዳለሁ ብሎ ወደ ፊት ይወረወራል። የጋሼ ግቢ በር ላይ ያለው ስርጉድ የዚህ ማስረጃ ነው፤ ማን እንደሠራው አንናገርም። የመስታወት ማጠቢያ ውሃዋን የሚገፋው ከስኮርታ ጎማዋ የሚመጣ አየር ነው። ይህን የፈጠረ ጀርመናዊ ወይ ሊቅ ነው ወይ ቀልደኛ። በጭቃ ሰሞን መስታወቱን ደጋግመን ስናጥብ ስኮርታው ይጎድላል፤ ስኮርታው ሲጎድል ማጠቢያው ዝም ይላል፤ ያኔ ከመካከላችን አንዱ በሸሚዙ እጅጌ ይወለውላል። ክላክስ አልነበራትም። ሞተሪኖዋ ከእኛ መወለድ በፊት ደክሟል።

እናም ትገፋለች። የጋሼ ሕግ ያኔ ነው የወጣው፤ ያልገፋ አይነዳም። መሪ ለመያዝ የፈለገ መጀመሪያ ሦስት ጊዜ ገፍቶ ማስነሳት አለበት። አገፋፍ ራሱ ትምህርት ነው። መሪ ላይ ያለው ቁልፉን ከፍቶ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሪሲዮኑን ረግጦ ይጠብቃል። ከኋላ ያሉት ወገባቸውን ዝቅ አድርገው ይገፋሉ። ጋሼ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ያዳምጣሉ። «አሁን!» ሲሉ ፍሪሲዮኑ ይለቀቃል፤ መኪናዋ እንደ አህያ ትንፈራገጥና ወይ ትነሳለች ወይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ቀጥ ካለች ገፊዎቹ በግንባራቸው ኮፈኗ ላይ ይለጠፋሉ። መሪ የያዘው ፍሪሲዮኑን ቸኩሎ ከለቀቀ ድካሙ ሁሉ ገደል ገባ። ዘግይቶ ከለቀቀም ሜዳው አለቀ። ሰው ከኋላህ እያለከለከ አንተ ተቀምጠህ የእሱን ላብ ታባክናለህ። እኛ መንዳት የተማርነው በዚህ ሐፍረት ነው ቢባል ውሸት የለውም። መሪ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚገፉትን ሰዎች ትንፋሽ ሳይሰማ መንዳት እንደማይችል ያኔ ገባን። አሁን አንዳንድ አለቆቻችንን ስናይ እነዚህ ሰዎች ምነው አንድ ክረምት ጋሼ ጋ በመጡ እንላለን። ይቅር፣ ወደ ጉዳያችን።

ከመካከላችን አንዷ ሴት ናት። በመጀመሪያው ቀን ጋሼ «አንቺ ተይው የኔ ልጅ፣ ወንዶቹ ይግፉ» አሏት። «ታዲያ መቼ ልነዳ ነው?» አለቻቸው። ጋሼ ትንሽ ዝም አሉ፤ ራሳቸው ያወጡት ሕግ ነው። «ጫማሽን ቀይሪ» አሉ። ከዚያ በኋላ እሷ ከሁላችንም በላይ ገፋች፣ ከሁላችንም በፊት ነዳች። ቤተሰቦቿ ያን ክረምት የእንግሊዝኛ ኮርስ እየወሰደች ነበር የሚመስላቸው።

የኮተቤን ዳገት የሚያውቅ ሰው የድንጋዩን ነገር ሳንነግረውም ይገምታል። የእጅ ፍሬኗ ለይስሙላ ስለነበር ዳገት ላይ በቆመች ቁጥር አንድ ሰው ወርዶ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ማስደገፍ ነበረበት። ጋሼ ከለማጁ ጎን ሲቀመጡ የድንጋዩ ኃላፊ በእግሩ ይከተላል። «ድንጋይ!» ሲባል ሮጦ ያስቀምጣል፤ መኪናዋ ስትነሳ ደግሞ ድንጋዩን አንስቶ ይሮጣል። ሁለተኛው ሥራ ከመጀመሪያው ይበልጥ የከበረ ነበር። ጋሼ መንገድ ላይ ድንጋይ ጥሎ የሚሄድን ሹፌር ከነፍሰ ገዳይ ለይተው አያዩትም። «ለራሱ ድኖ ለሌላው ወጥመድ አስቀምጦ ይሄዳል» ይላሉ። እስካሁን ድረስ መንገድ ላይ የተተወ ድንጋይ ስናይ ወርደን እናነሳለን፤ ከኋላችን ያለው ሚኒባስ ክላክሱን ሲያስጮኽብን፣ ወያላው ሲሳደብ፣ እኛ ድንጋይ ስናነሳ። ጋሼ መኪና በግራ ይነዳ የነበረበትን ዘመን በልጅነታቸው ያስታውሳሉ፤ ኢትዮጵያ ወደ ቀኝ የዞረችው በ1956 ነው። «ያኔ አገር ሙሉ በአንድ ቀን ለማጅ ሆነ» ይሉናል። በእሳቸው ቤት ለማጅ መሆን ነውር አልነበረም።

ስማችንም ከዚያ መኪና ነው የመጣው። ልጃቸው «ባለቤቱ» ተባለ። ድንጋይ ያዡ ቶሎ መውረድ ስላለበት ሁልጊዜ ከፊት ይቀመጣል፤ እሱ «ጋቢና» ነው። ኋላ ከሚቀመጡት «ግራ መስኮት»፣ «መሐል» እና «ቀኝ መስኮት» አለን። የቮልስ የኋላ መስኮት እንደማይከፈት እናውቃለን፤ ስም ነው። ቀኝ መስኮት ያቺ ልጅ ናት። ዛሬ ሠላሳ አልፈን፣ አንዳችን ባንክ፣ አንዷ ሆስፒታል ስንሠራ እንኳ የምንጠራራው በወንበራችን ነው። ባለፈው የቀኝ መስኮት ባል ስልኳ ላይ «ጋቢና እየደወለ ነው» የሚል ሲያይ መጀመሪያ ሰሞን የታክሲ ደንበኛ ይመስለው እንደነበር ነግሮናል።

መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ማሠልጠኛ መግባት ግዴታ ነውና እኛም ገባን። ስለዚያ ብዙ የሚወራ የለም። ሦስት አራት ለማጅ አንድ መኪና ውስጥ ይጫናል፤ አንዱ ለአሥር ደቂቃ ሲነዳ ሌላው ኋላ ተቀምጦ ያዛጋል፤ አሠልጣኙ ስልክ ያወራል። መኪናዋ በቁልፍ ትነሳለች። አንድም ሰው ሳይገፋት! ባለቤቱ ይህን ያህል ምቾት ስላልለመደ ነው መሰለኝ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ሌሎቻችንም በኋላ ማርሽ በቆሙት ብረቶች መሐል ስናስገባ ብረቶቹን አስተኝተን ወጣን። ቀኝ መስኮት በመጀመሪያው ሙከራ አለፈች። «ለሴት ትንሽ ይከብዳል» ሲላት የነበረው አሠልጣኝ እጇን ጨብጦ «እኔ እኮ ገና ሳይሽ አውቄያለሁ» አላት ተብለናል።

ከዚያ ጥቅምት 4 ቀን 2005 መጣ። እሑድ ነበር። ብሔራዊ ቡድናችን አዲስ አበባ ስታዲየም ከሱዳን ጋር የሚጫወትበት፣ በሜዳዋ 5 ለ 3 የረታችንን ሱዳን ካላሸነፍን ለአፍሪካ ዋንጫ የማናልፍበት ቀን። ጋሼ ቤት ቴሌቪዥን ፊት ተኮልኩለን አየን። አዳነ ግርማ አገባ፤ ሳላዲን ሰኢድ ደገመ፤ 2 ለ 0 አለቀና ከ31 ዓመት በኋላ አለፍን። ጋሼ ምንም ሳይናገሩ ተነስተው ከረባታቸውን አስተካከሉ፤ ቁልፉን ለቀኝ መስኮት ሰጧት። ከአምስታችን መንጃ ፈቃድ ያላት እሷ ብቻ ነበረች። ጋሼ ጋቢና ገቡ፤ እኛ አራት ወንዶች ኋላ ተደራረብን። ከዚያ በፊት ግን ገፋን። ባንዲራ ለብሰን ገፋን። የማናውቃቸው ሰዎች ከየቤቱ ወጥተው ገፉ። ከመገናኛ እስከ ሃያ ሁለት መኪናው ሁሉ ክላክሱን ያስጮኻል፤ የእኛዋ ክላክስ የላትም። ጋሼ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው በአፋቸው «ጲጵ! ጲጵ!» ይሉ ጀመር። የስድሳ ዓመት የሒሳብ ሹም! እኛም ተቀበልናቸው። በዚያ ምሽት ድምፃችን ጠፍቶ ለሦስት ቀን ሹክሹክታ አወራን። ከሹክሹክታው ሳንወጣ ምደባችን መጣ።

ግራ መስኮት መቀሌ፣ ቀኝ መስኮት ጅማ፣ መሐል ሐዋሳ፤ ባለቤቱና ጋቢና እዚሁ ቀሩ። ከዚያ በኋላ የሆነው የማንኛውም ሰው ታሪክ ነው። ምርቃት፣ ሥራ ፍለጋ፣ የመጀመሪያ ደሞዝ፣ ሠርግ፣ ለቅሶ። ጋቢና ዲቪ ደርሶት በ2009 አሜሪካ ገባ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለው። እዚያ እንደገና መንዳት ተፈትኖ ወዲያው አለፈ። «ግራ እግሬ ግን እስካሁን ፍሪሲዮን ይፈልጋል፤ ባዶውን ይረግጣል» ይላል። አገር መናፈቅ እንዲህ ያለ የእግር ሕመም መሆኑን ከእሱ ነው የሰማነው።

እኛ እዚህ ያለነው አንድ ቀጠሮ ነበረን። በየዓመቱ ቮልሷ ለቦሎ ምርመራ ትቀርባለች። አንድ ጊዜ ከጠፋች ስለማትነሳ ተራ ይዞ ሞተር ሳያጠፉ መጠበቅ፣ ከጠፋች ደግሞ መግፋት የአራት ሰው ሥራ ነው። መርማሪው «ክላክስ?» ሲል እንደገና ወደ ሱቅ መሮጥ፣ «የእጅ ፍሬን?» ሲል ሁላችንም ሌላ ሌላውን ማየት። ልደት የተረሳሳንበት ዓመት አለ፤ ቦሎ የተረሳበት ግን አልነበረም። የሐዋሳው ፈቃድ ጠይቆ ይመጣል፣ የጅማዋ ሌሊት ተጉዛ ትደርሳለች። ከምርመራው በኋላ ጋሼ ቤት ሽሮ እንበላለን። እስከ 2013 እንዲህ ሄደ።

ቀጥሎ ያለውን ለመጻፍ ተከራክረናል። ጥቅምት 2014 ላይ ግራ መስኮት ፌስቡክ ላይ አንድ ነገር ጻፈ። ትግራይ ውስጥ ስልክ ከተቋረጠ ወራት ሆኖት ነበር፤ እሱ ደግሞ መቀሌ አብረውት ዶርም የኖሩ፣ ታሞ ያስታመሙት ጓደኞች አሉት፤ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አያውቅም። በዚያው ሰሞን ጦርነቱ ደሴ ደርሶ ነበር። የባለቤቱ እናት ቤተሰቦች ደሴ ናቸው፤ ሌሊቱን በእግር የወጡ አክስቱ የት እንደገቡ አይታወቅም። ባለቤቱ ከጽሑፉ ሥር መለሰ። ያ መልስ ሌላ መልስ ወለደ። የማናውቃቸው ሰዎች ገብተው በሁለቱም በኩል አራገቡት፤ ልክ ያኔ ቮልሷን እንደገፉት መንገደኞች፣ አሁን ግን ወደ ገደል። ማን ምን እንዳለ አንደግመውም። ሁለቱም የሚፈሩለት ሰው ነበራቸው፤ ሁለቱም የሌላውን ፍርሃት ማየት አልቻሉም። ተሰራረዙ። ግራ መስኮት ከግሩፑ ወጣ። «ግራ መስኮት ግሩፑን ለቋል» የምትለዋን መስመር አየናት፤ ማናችንም ምንም አልጻፍንም። ዝም ያልነው እንዳይብስ ብለን ነው እንል ነበር። ፈርተን ነው።

የዚያን ዓመት ቦሎ ባለቤቱ ብቻውን መካኒክ ቀጥሮ አስጨረሰ። በሚቀጥለው ዓመት ጨርሶ አልወሰዳትም። ቮልሷ ሸራ ለበሰች። ጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ፤ የመቀሌ ስልክ ተከፈተ፤ የግራ መስኮት ዶርም ጓደኞች አንዱ ሲቀር ተገኙ። የባለቤቱ አክስት ቀድመው ተገኝተው ነበር። ሁለቱ ግን እንደተዘጋጉ ናቸው።

ልንናገር የፈለግነው እዚህ ላይ ነው። ሰሞኑን ቲክቶኩም፣ ዩቲዩቡም፣ የስኬት አሠልጣኙም አንድ ምክር ይዘዋል፤ ጓደኛህን አጥራ። የማይመጥንህን አውጣ። አቋሙ የማይጥምህን ሰርዝ። ሕይወት እንደ ስልክ ሜሞሪ ናት፣ ሲሞላ ይደመሰሳል። ምክሩ ለሚጎዳ ሰው ልክ ነው፤ የሚመታሽን፣ የሚዘርፍህን ሰው ተሸክመህ ኑር የሚል የለም። ነገር ግን እኛ ትውልድ ይህን መድኃኒት ለራስ ምታት ሁሉ እየዋጥነው ነው። በአንድ ጽሑፍ፣ በአንድ ላይክ፣ ላይክ ባለማድረግ ጭምር የአሥራ አምስት ዓመት ሰው ይጣላል። በምትኩ የምናመጣው የሚመስለንን ነው። የሚመስለንን መምረጥ ደግሞ ቀላል ነው፤ እኛ ግን አንዳችን ሌላችንን አልመረጥንም። አንድ ሰፈር ተገኘን፣ አንዲት የማትነሳ መኪና ነበረች፣ ገፋን። ሳንመርጠው ያገኘነው ሰው እኛ በመረጥነው ጠባይ ብቻ ይኑር ማለት ግፍ መስሎ ይታየናል። አቋም ይቀየራል፤ የእኛም ስንት ጊዜ ተቀይሯል። ከኋላ ሆኖ ሲያለከልክ የሰማኸው ትንፋሽ ግን ከማንም ጋር አይምታታብህም።

ይህን ያወቅነው በራሳችን ብልህነት እንዳይመስላችሁ። በ2016 ግንቦት ላይ ጋሼ ራሳቸው ስልክ አንስተው ለእያንዳንዳችን ደወሉ። ለግራ መስኮትም። ዓይናቸው ደክሟል፤ ቁጥሩን ያወጣችላቸው የቤት ሠራተኛቸው ናት። «መኪናዋ እንቢ ብላለች፤ ቅዳሜ ና ግፋ» አሉትና ስልኩን ዘጉ። ሰላምታ የለ፣ ምክር የለ። ለሌሎቻችንም ያሉት ይኸንኑ ነው፤ ማን ማን እንደሚመጣ አልነገሩንም።

ቅዳሜ መጣን። ሸራው ተገፏል። ባለቤቱ መሪ ላይ ነው፤ ግራ መስኮት በሩ ላይ ሲደርስ ተያዩ። ጋሼ በወንበራቸው ተቀምጠው «ምን ትጠብቃላችሁ?» አሉ። ገፋን። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። የድሮው ትንፋሽ የለንም፤ መሐል ሆዱ ወጥቷል። አልተነሳችም። ሦስተኛው ላይ ባለቤቱ መኪናዋን አቆመ፤ ወረደ። በሩን ክፍት ትቶ ወደ ኋላ መጣና ከግራ መስኮት ጎን ቆመ። «አንተ ንዳ፤ ፍሪሲዮኑን እኔ ቸኩዬ ነው የምለቀው» አለው። ግራ መስኮት ሄዶ ተቀመጠ። ገፋን። እውነቱን ለመናገር ያን ቀንም አልተነሳችም፤ ቤንዚን መስመሩ ዝጎ ነበር። እስከ ጋራዡ ድረስ ቁልቁል ገፍተን ወሰድናት። ድንጋዩን ቀኝ መስኮት ያዘች።

ታረቁ ማለት ይቻላል? አናውቅም። ስለዚያ ጽሑፍ እስካሁን አላወሩም። ከመካከላችን «ማውራት አለባቸው፤ ያልተነገረ ነገር ይዝጋል» የምንል አለን፤ ቀኝ መስኮት በዚህ አቋሟ ጽኑ ናት። የሚያወሩት ስለ ካርቦራተር ነው። ግራ መስኮት የሞተው የዶርም ጓደኛው ቤተሰቦች ጋ ለቅሶ ሊደርስ መቀሌ ሲሄድ ግን አየር ማረፊያ ያደረሰው ባለቤቱ ነው። መንገዱን በሙሉ ሬዲዮ ሰሙ አሉ። ግራ መስኮት ወደ ግሩፑ ተመልሶ ገባ። ያስገባው ማን እንደሆነ ቴሌግራም ይናገራል፤ እኛ ግን አይተን ዝም አልን። የአሁኑ ዝምታ ከያኔው የተለየ ነው ብለን እናምናለን።

እንግዲህ ሽያጩን የተቃወምነው በዚህ ሁሉ ምክንያት ነው። «ይሽጡ» ያልነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጋሼ ዘንድሮ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፣ የዓይን ሕክምናው ገንዘብ ይፈልጋል፣ ጡረታቸው የማን ጡረታ እንደሆነ ታውቃላችሁ። የዚህ ዓይነት ቮልስ ፋብሪካው ማምረት ያቆመው በፈረንጆቹ 2003 ሜክሲኮ ላይ ነው፤ ከእንግዲህ አትወለድም። የተማርንበት ከሰሚት ወዲያ ያለው ሜዳ ኮንዶሚኒየም ሆኗል። የመሐል ታናሽ ወንድም ባለፈው ወር የነዳት መኪና የኤሌክትሪክ ናት፤ ፍሪሲዮን የላትም፣ ድምፅ የላትም፣ ቁልፍ እንኳ የላትም። ጥሩ መኪና ናት። ብቻውን ተቀምጦ፣ ብቻውን ነድቶ፣ ብቻውን መጣ።

ገዢው ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት ተቀጥሯል። ጋሼ ምን እንደወሰኑ አልነገሩንም። የነገሩን ሁላችንም እንድንገኝ ነው፤ መኪናዋ ሞተሯ እየሠራ መታየት አለባት፣ ለዚህ ደግሞ ሰው ያስፈልጋል። ልጁን ራሱን ሦስት ጊዜ ሳያስገፉት ቁልፍ እንደማይሰጡት ከወዲሁ እናውቃለን፤ ነጭ ጫማ አድርጎ እንዳይመጣ የሚነግረው ሰው አላገኘንም። ጋቢና እዚያ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ቢሆንም በቪዲዮ እገኛለሁ ብሏል።

«ስልኩን የት ላስቀምጠው?» ብሎ ግራ መስኮት ግሩፑ ላይ ጻፈ።

ባለቤቱ ወዲያው መለሰለት፦ «ጋቢና ነዋ። ግን ድንጋዩን ማን ሊይዝ ነው?»